«ደውዬ ነገርኩት»ን በእንግሊዝኛ እንዴት እንላለን? ሁለት ግሶችን ከተውላጠ ስምና ከመስተዋድድ ጋር የማያያዝ ዝርዝር መመሪያ

«ጠብቄ አናገርኩት» ለማለት ብዙዎቻችን «አይ ዌይተድ ኤንድ ቶክት» እንላለን። ከዚያ ዝም። ሰሚው ግን ዓይን ዓይናችንን እያየ ይጠብቃል። ለእኛ ያለቀው ዓረፍተ ነገር ለእሱ አላለቀም። ማንን ጠበቅክ? ማንን አናገርክ?

እኔ ራሴ ሥራ በጀመርኩ ሰሞን ለአለቃዬ እንዲህ ያለ መልእክት ልኬ ነበር። የመጣልኝ መልስ አንድ ቃል ነው፦ «ሁ?» ማንን? ማለቷ ነው። ቃላቶቼን ደጋግሜ አየኋቸው። ሁሉም ትክክል ናቸው። የጎደለው በአማርኛ ጆሮዬ የማይሰማኝ ነገር ነበር።

የአማርኛ ግስ ተውላጠ ስሙን ጭራው ላይ ይዞ ይሄዳል። «ነገርኩት» ውስጥ እኔም አለሁ፣ እሱም አለ። ግሶች ሲደረደሩ ደግሞ የፊተኞቹ «ደውዬ»፣ «ጠብቄ»፣ «አንስቼ» እያሉ ይንጠለጠሉና የመጨረሻው ሁሉንም ይሸከማል። የእንግሊዝኛ ግስ ባዶ እጁን ነው የሚመጣው። ተሳቢውንም (ድርጊቱ የሚያርፍበትን) መስተዋድዱንም (እንደ «ፎር»፣ «ቱ»፣ «አት» ያለውን ቃል) ለየግሱ ማደል የእናንተ ሥራ ነው።

እንግሊዝኛውን ሁሉ በእኛ ፊደል ነው የምጽፈው። ጮክ ብላችሁ አንብቡት።

## ከመጀመራችሁ በፊት፦ ባለ ሦስት ዓምድ ገጽ

ደብተር አውጡና አንድ ገጽ ለሦስት ክፈሉ። ይህን ሥራ ከዘለላችሁት ከደረጃ 3 ጀምሮ መቀጠል አትችሉም።

ዓምድ ሀ፦ መስተዋድድ የማይፈልጉ። «ኮል ሂም»፣ «ቴል ሂም»፣ «አስክ ሂም»፣ «ሄልፕ ሂም»፣ «አንሰር ሂም»፣ «ሜሪ ኸር»፣ «ዲስከስ ኢት»፣ «ኢንተር ዘ ሩም»።

ዓምድ ለ፦ መስተዋድድ የግድ የሚላቸው። «ዌይት ፎር ሂም»፣ «ሊስን ቱ ሂም»፣ «ቶክ ቱ ሂም»፣ «ሉክ አት ሂም»፣ «ላፍ አት ሂም»፣ «ዲፔንድ ኦን ሂም»፣ «ሪፕላይ ቱ ሂም»።

ዓምድ ሐ፦ ተውላጠ ስሙን መሃላቸው የሚያስገቡ። «ፒክ ኢት አፕ»፣ «ተርን ኢት ኦፍ»፣ «ፑት ኢት አዌይ»፣ «ቴክ ኢት ኦፍ»፣ «ፊል ኢት አውት»፣ «ኮል ሂም ባክ»።

ግሱን ብቻውን በጭራሽ አትጻፉ። «ዌይት» ብላችሁ ከጻፋችሁ በቃላችሁ የሚቀረው «ዌይት» ብቻ ነው። «ዌይት ፎር ሂም» ብላችሁ ጻፉ፤ ሦስቱ እንደ አንድ ቃል ይግቡ።

አንድ ግስ የቱ ዓምድ ውስጥ እንደሚገባ ካላወቃችሁ ለተማሪ የተዘጋጀ መዝገበ ቃላት ክፈቱ። ብዙዎቹ «ሰምባዲ» እና «ሰምቲንግ» የሚሉትን ቃላት አሳጥረው ከግሱ አጠገብ ያስቀምጣሉ። አጭሯ ምልክት በሁለቱ ቃላት መሃል ከገባች ዓምድ ሐ ነው። ከመስተዋድዱ በኋላ ከመጣች ዓምድ ለ። መስተዋድድ ከሌለ ዓምድ ሀ።

ማስጠንቀቂያ። ዓምዱን በአማርኛ አትገምቱ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚወድቀው። አማርኛ «ጠበቅኩት»፣ «አዳመጥኩት» ይላል፤ መስተዋድድ የለም። ስለዚህ «ዌይተድ ሂም»፣ «ሊስንድ ሂም» እንላለን፤ ሁለቱም ስህተት ናቸው። በተቃራኒው «ደወልኩለት» ውስጥ «ለ» ስላለች «ኮልድ ቱ ሂም» እንላለን። እሱም ስህተት ነው። «ስለ ጉዳዩ ተወያየን» ስለምንል «ዲስከስድ አባውት ኢት» ይወጣናል፤ «አባውት» አያስፈልግም። «ከእሷ ጋር ተጋባን» ስለምንል «ሜሪድ ዊዝ ኸር» እንላለን፤ «ዊዝ» አያስፈልግም።

በተለይ «ብኝ» ተጠንቀቁ። «ሳቀብኝ» በ«አት» ይሄዳል፦ «ሂ ላፍት አት ሚ»። «መኪናዬ ተበላሸችብኝ» ደግሞ በወግ በ«ኦን» ይባላል፦ «ማይ ካር ብሮክ ዳውን ኦን ሚ»። «ምሳዬን በላብኝ» ግን ምንም አይፈልግም፤ «ሂ ኤት ማይ ላንች» በቃ። አንድ ወዳጄ በ«ኦን» ሊተረጉማት ሞክሮ እሱ ራሱ የተበላ አስመስሎት ነበር።

## ደረጃ 1፦ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር በታትኑ

ይህን እንውሰድ፦ «ቁልፉን ከጠረጴዛው ላይ አንስቶ ሰጠኝ።»

ለእያንዳንዱ ግስ አራት ጥያቄ ጠይቁ። ማን? ምን? ለማን? ከየት ወይም የት?

አነሳ፦ እሱ፣ ቁልፉን፣ ከጠረጴዛው ላይ።
ሰጠ፦ እሱ፣ ቁልፉን፣ ለእኔ።

አማርኛው ቁልፉን አንዴ ብቻ እንደጠራው አያችሁ? በ«ሰጠኝ» ውስጥ እኔ አለሁ እንጂ ቁልፉ የለም። «ሂ ቱክ ዘ ኪይ ኤንድ ጌቭ ሚ» የሚለው ስህተት የሚወለደው እዚህ ነው። ሰሚው «ምን ሰጠህ?» ይላል። ትክክሉ፦

«ሂ ቱክ ዘ ኪይ ፍሮም ዘ ቴብል ኤንድ ጌቭ ኢት ቱ ሚ።»

የድርጊቱ ባለቤት አንድ ከሆነ አንዴ መጥራት ይበቃል። ሁለተኛውን ግስ የሚሠራው ሌላ ሰው ከሆነ ግን የግድ ጥሩት። «ጠብቄያት አብረን ሄድን» ላይ የጠበቅኩት እኔ፣ የሄድነው እኛ ነን፦ «አይ ዌይተድ ፎር ኸር ኤንድ ዊ ዌንት ቱጌዘር።» «ዊ» ከቀረች የሄድኩት እኔ ብቻ ሆንኩ።

## ደረጃ 2፦ ለየግሱ ተሳቢውን ስጡ

አሁን አታሳጥሩ። ቢረዝምም፣ ቢያስጠላም፣ ለእያንዳንዱ ግስ ተሳቢውን ሙሉ በሙሉ ጻፉ።

«አጥቤ ተኮስኩት»፦ «አይ ዎሽት ኢት ኤንድ አይ አይረንድ ኢት።»

ይህ ንድፍ ነው። ስህተት የለበትም፤ ረጅም ብቻ ነው። የምታሳጥሩት በደረጃ 4 ነው። ፈተና ላይ ወይም አለቃ ፊት ከተጨነቃችሁ እዚሁ ላይ ብታቆሙም ማንም አይስቅባችሁም።

የተውላጠ ስሙን መልክ እዚህ ላይ አረጋግጡ። ከግስና ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጡት «ሚ፣ ሂም፣ ኸር፣ አስ፣ ዘም» ናቸው። «ዩ» እና «ኢት» አይለወጡም። ሰው ሲጨመርበት ብዙዎች ይሳሳታሉ፦ «ሂ ኮልድ ማይ ብራዘር ኤንድ አይ» ይላሉ፤ የተማረ ሰው አነጋገር ስለሚመስል። ወንድምየውን በጣታችሁ ሸፍኑት። «ሂ ኮልድ አይ» ቀረ። ያስኬዳል? አያስኬድም። ስለዚህ «ማይ ብራዘር ኤንድ ሚ»።

## ደረጃ 3፦ መስተዋድዱን ከዓምዳችሁ አምጡ

እያንዳንዱን ግስ በገጻችሁ ላይ ፈልጉና እንዳለ ገልብጡት። «ጠብቄ አናገርኩት»፦

«አይ ዌይተድ ፎር ሂም ኤንድ አይ ቶክት ቱ ሂም።»

እዚህ ሁለት ግሶች ልዩ ጣጣ አላቸው። «አስረዳኝ» ስለምንል «ሂ ኤክስፕሌንድ ሚ» ይመጣብናል። ይህ «እኔን ተነተነኝ» እንደማለት ነው። ትክክሉ «ሂ ኤክስፕሌንድ ኢት ቱ ሚ»። «አለኝ» ላይም «ሴድ ሚ» አይባልም፤ «ሴድ ቱ ሚ» ወይም በቀላሉ «ቶልድ ሚ»።

## ደረጃ 4፦ ማሳጠር ይቻል እንደሆነ በጣት ፈትሹ

ዋናው ደረጃ ይህ ነው። ተሳቢውን አንዴ ብቻ መጨረሻ ላይ አስቀምጦ ሁለቱን ግሶች ማጋራት ይቻላል፣ ግን ሁልጊዜ አይደለም። አራት ዓይነት ሁኔታ ይገጥማችኋል።

ሁለቱም ከዓምድ ሀ ከሆኑ አጋሩ። «አይ ዎሽት ኤንድ አይረንድ ኢት።» «ደውዬ ነገርኩት»ም እንዲሁ፦ «አይ ኮልድ ኤንድ ቶልድ ሂም።» ተሳቢው የግድ መጨረሻ ላይ ይሁን።

ሁለቱም ያንኑ መስተዋድድ የሚፈልጉ ከሆነ መስተዋድዱም አንዴ ይበቃል። «አይታኝ ፈገግ አለች»፦ «ሺ ሉክት ኤንድ ስማይልድ አት ሚ።»

የተለያየ መስተዋድድ ከሆነ አታጋሩ። «አይ ዌይተድ ኤንድ ቶክት ቱ ሂም» ካላችሁ «ዌይተድ ቱ ሂም» ማለታችሁ ነው፤ እንዲህ የሚባል ነገር የለም። ሁለቱንም ይዛችሁ «አይ ዌይተድ ፎር ኤንድ ቶክት ቱ ሂም» ማለት ሰዋስዉ ይፈቅዳል። ግን የተገተረ ነው፤ በደብዳቤ እንጂ በወሬ ብዙ አይሰማም። በወሬ ተውላጠ ስሙን ድገሙት፦ «አይ ዌይተድ ፎር ሂም ኤንድ ቶክት ቱ ሂም።» መድገም ነውር አይደለም።

አንዱ ከሀ፣ አንዱ ከለ ከሆነ ፈተናው ያስፈልጋል። ዓረፍተ ነገሩን ወረቀት ላይ ጻፉ። አንዱን ግስ ከነመስተዋድዱና ከነ«ኤንድ» በጣታችሁ ሸፍኑ። የቀረውን አንብቡ። ከዚያ ጣታችሁን አንሡና ሌላኛውን ሸፍኑ።

«አይ ሜት ኤንድ ቶክት ቱ ሂም»ን እንፈትሽ። «ሜት ኤንድ» ሲሸፈን «አይ ቶክት ቱ ሂም»፤ ደህና። «ኤንድ ቶክት ቱ» ሲሸፈን «አይ ሜት ሂም»፤ ደህና። አለፈ።

አሁን «ሊስን ኤንድ ሪስፔክት ዩር ፋዘር»። አባትህን ስማ፣ አክብር ለማለት ነው። «ኤንድ ሪስፔክት» ሲሸፈን «ሊስን ዩር ፋዘር» ይቀራል። «ቱ» የለችም። ወደቀ። ማስተካከያው «ሊስን ቱ ኤንድ ሪስፔክት ዩር ፋዘር» ነው። «ቱ» ከ«ኤንድ» በፊት ለብቻዋ ስትቆም ለእኛ ጆሮ ተንጠልጥላ የቀረች ትመስላለች። ትመስላለች እንጂ ቦታዋ ነው።

ልብ በሉ፦ መስተዋድድ ያለው ግስ ኋላ ሲመጣ ስህተት የመሥራት ዕድላችሁ ይቀንሳል። ቅደም ተከተሉ ትርጉም የማይለውጥ ከሆነ ገልብጡት፦ «ሪስፔክት ኤንድ ሊስን ቱ ዩር ፋዘር።» ይህ የእኔ አቋራጭ ነው፤ ብዙ ቀን አውጥቶኛል።

## ደረጃ 5፦ የዓምድ ሐ ግሶችን ለብቻ ያዙ

ስም ሲሆን ሁለት ምርጫ አላችሁ፦ «ተርን ኦፍ ዘ ፎን» ወይም «ተርን ዘ ፎን ኦፍ»። ተውላጠ ስም ሲሆን አንድ ብቻ፦ «ተርን ኢት ኦፍ»። «ተርን ኦፍ ኢት» አይባልም።

አሁን ሁለት እንዲህ ያሉ ግሶች ሲገናኙ። «ስልክህን አጥፍተህ አስቀምጥ»፦ «ተርን ኦፍ ኤንድ ፑት አዌይ ዩር ፎን።» ስም ስለሆነ ይጋራል። ስልኩን በ«ኢት» ስትተኩት ግን ማጋራት ይቀራል። «ተርን ኦፍ ኤንድ ፑት አዌይ ኢት» ፈጽሞ አይሆንም። ሁለቱም የየራሳቸውን ይፈልጋሉ፦

«ተርን ኢት ኦፍ ኤንድ ፑት ኢት አዌይ።»

ቅጽ ሲሰጣችሁ የምትሰሙትም ይኸው ነው፦ «ፊል ኢት አውት ኤንድ ሴንድ ኢት ባክ።» ሞልታችሁ መልሱልን።

ለምን ይህን ሰምተን አንማረውም? ስለማይሰማ ነው። «ፒክ ኢት አፕ» በሰው አፍ «ፒኪታፕ» ይሆናል። «ቶልድ ሂም» ደግሞ «ቶልዲም»። ተውላጠ ስሙ በሁለቱ ቃላት መሃል ተውጦ ያልፋል። እኛም የሌለ ይመስለንና እንተወዋለን። ስትለማመዱ ተገጣጥሞ በሚሰማበት መልኩ በሉት፤ ቃል በቃል ነጣጥላችሁ ከተለማመዳችሁ በፍጥነት ስታወሩ «ኢት» መጀመሪያ የምትጠፋ ቃል ትሆናለች።

## ደረጃ 6፦ የቦታና የጊዜ ሐረጉን ከሚመለከተው ግስ አጠገብ አድርጉ

በግስና በተሳቢው መሃል የቦታም የጊዜም ሐረግ አታስገቡ። «አይ ሜት አት ዘ ኦፊስ ሂም» አይባልም። አማርኛ «ቢሮ አገኘሁት» ብሎ ቦታውን ያስቀድማል፤ እንግሊዝኛ ተሳቢውን ያስቀድማል። ቅደም ተከተሉ ግስ፣ ተሳቢ፣ ቦታ፣ ጊዜ ነው፦ «አይ ሜት ሂም አት ዘ ኦፊስ የስተርዴይ።»

ሁለት ግስ ሲኖር ሐረጉ የማን እንደሆነ ይምታታል። «አይ ኮልድ ኸር ኤንድ ዌይተድ ኢን ዘ ካር» ካላችሁ መኪና ውስጥ የጠበቃችሁት እናንተ ናችሁ፤ ስትደውሉ የት እንደነበራችሁ ግልጽ አይደለም። የደወላችሁት ከመኪናው ከሆነ ወደ መጀመሪያው ግስ አምጡት፦ «አይ ኮልድ ኸር ፍሮም ዘ ካር ኤንድ ዌይተድ።»

## ደረጃ 7፦ የግሶቹን መልክ አመሳስሉ

በ«ኤንድ» የተያያዙ ግሶች አንድ ዓይነት ልብስ ይለብሳሉ። «ደውዬ ላመሰግነው እፈልጋለሁ»፦ «አይ ዎንት ቱ ኮል ኤንድ ታንክ ሂም።» ሁለተኛዋ «ቱ» ትቀራለች። ከመስተዋድድ በኋላ የሚመጣ ግስ ግን በ«ኢንግ» ያልቃል፤ ሁለቱም፦ «ታንክ ዩ ፎር ካሚንግ ኤንድ ሄልፒንግ ሚ።» ስለመጣህና ስለረዳኸኝ ነው። «ፎር ካም ኤንድ ሄልፕ» የሚለውን በየመልእክቱ አየዋለሁ።

አንድ ወጥመድ፦ «አይ ሉክ ፎርዋርድ ቱ ሲይንግ ዩ» ላይ ያለችው «ቱ» መስተዋድድ ናት። ስለዚህ «ሲ» ሳይሆን «ሲይንግ»።

«ሂድና አምጣው» ቀላል ነው፦ «ጎ ኤንድ ጌት ኢት»። አሜሪካኖች «ጎ ጌት ኢት» ይላሉ። ይህ ያለ «ኤንድ» የሚሠራው ግሱ ሳይለወጥ ሲቀር ብቻ ነው። ላለፈ ጊዜ «ዌንት ኤንድ ጎት ኢት» በሉ።

## አንዱ ደረጃ ሲበላሽ

ተውላጠ ስሙ ሲበዛ። ተሳቢ መስጠት ስትለምዱ በማይፈለግበትም ታስገቡታላችሁ። «ያናገርኩት ሰውዬ» ላይ «ዘ ማን አይ ቶክት ቱ ሂም» ትላላችሁ፤ «ያናገርኩት» ውስጥ «ት» ስላለች። እዚህ ሰውየው አስቀድሞ ተጠርቷል። «ሂም» ይውጣ፣ «ቱ» ትቅር፦ «ዘ ማን አይ ቶክት ቱ»። ጥያቄም እንዲሁ ነው። «ማንን ነው የምትጠብቀው?»፦ «ሁ አር ዩ ዌይቲንግ ፎር?» «ፎር» መጨረሻ ላይ ብቻዋን ትቆማለች፤ አትጨነቁላት።

ሁለት ወንዶች ሲኖሩ። «ሂ ኮልድ ሂም ኤንድ ሂ ቶልድ ሂም» ማን ማንን እንደሆነ አይታወቅም። አንዱን በስሙ ወይም በሥራው ጥሩት፦ «ዘ ድራይቨር ኮልድ ሂም»።

መስተዋድዱ ሲጠፋባችሁ። አትገምቱ፤ ግሱን ቀይሩ። «ሪፕላይ» ላይ ከተጠራጠራችሁ «አንሰር» አለ፤ መስተዋድድ አይፈልግም። «ኤክስፕሌን» ካስቸገረ «ቶልድ ሚ» በሉ። «ሉክ» ግን አስተውሉ፦ «ሉክ አት» ማየት፣ «ሉክ ፎር» መፈለግ፣ «ሉክ አፍተር» መንከባከብ ነው። በግምት ከሄዳችሁ ልጁን የሚንከባከብ ሰው ልጁን የሚፈልግ ሆኖ ያርፋል።

ተናግራችሁ ከጨረሳችሁ በኋላ ትዝ ሲላችሁ። ዓረፍተ ነገሩን ከመጀመሪያው አትጀምሩ። የቀረውን ጭራ ብቻ ጨምሩ፦ «አይ ዌይተድ… ፎር ሂም።»

## አሁን ሞክሩ

መልሱን በወረቀት ሸፍኑና እነዚህን ሦስት ሥሩ።

1. «ጫማህን አውልቀህ በር ላይ ተወው።»
2. «አዳምጦኝ ሲያበቃ ሳቀብኝ።»
3. «ያመጣሁልህን መድኃኒት ወስደኸዋል?»

የመጀመሪያው፦ «ቴክ ኦፍ ዩር ሹዝ ኤንድ ሊቭ ዘም ባይ ዘ ዶር።» አማርኛው ጫማውን «ተወው» ብሎ በነጠላ ይጠራዋል፤ እንግሊዝኛው ጥንድ ስለሆነ «ዘም» ይላል። ሁለተኛው፦ «ሂ ሊስንድ ቱ ሚ ኤንድ ዘን ላፍት አት ሚ።» መስተዋድዶቹ ስለሚለያዩ ማጋራት የለም። ሦስተኛው፦ «ዲድ ዩ ቴክ ዘ ሜዲስን አይ ብሮት ዩ?» መጨረሻ ላይ «ኢት» ጨምራችሁ ከሆነ «ወስደኸዋል» ውስጥ ያለችው «ው» አታልላችኋለች፤ «ተውላጠ ስሙ ሲበዛ» ወደሚለው ተመለሱ።